ባለቤት

ማክሰኞና ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
ከፋርማሲው በላይ ናት፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ የማታዋ ትምህርት ቤት፤
በሩ ላይ ተለጥፏል «ከፍተኛ ደረጃ»፣
ጋሽ ይመር ያለከልካል፤ «ለከፍታው» ይላል «ጉልበቴ ማስረጃ»።

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮት ላይ ሲለጠፍ፣
አሥራ አንድ ተማሪ በስምንት ወንበር ላይ ሲጣበብ፣ ሲታጠፍ፣
ጠመኔዬን አንሥቼ «ዛሬ» አልኩ «ርዕሱ የዓለም ጉዳይ ነው፤
ሙቀት፣ ስደት፣ ጦርነት፣ ሥራ የሚነጥቅ ማሽን፤ የቱን እንየው?»

እጆች ተቆጠሩ። ስደት አሸነፈ።
ማሽኑን የመረጠ እንድሪስ ብቻ ነበር፣
ባለፈው ወር ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የተሰናበተው፤
ድምፁ ብቻውን አለፈ።

መጽሐፉን ገለጥን። ገጽ ሰባ አራት፣
ሩቅ አገር የታተመ፣ በለስላሳ ወረቀት፦
«ሰዎች ተፈናቀሉ። መንደሮች ተቃጠሉ።
ብዙዎች ተሰደዱ።» እንዲህ ነው የሚሉ፤
አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ንጹሕ፣ የታጠበ፣
ድርጊቱን አደባባይ አቁሞ የአድራጊውን ፊት የሸበበ።

«ይህ» አልኩ በኩራት «ተገብሮ ይባላል፤
ባለቤቱ ካልታወቀ፣ ወይም ካላስፈለገ፣ ይተዋል፣ ይጣላል።»

ረውዳ እጇን አወጣች። ዝምተኛዋ ረውዳ፤
በዚያ የጥቅምት ማለቂያ ልጇን አዝላ
እስከ ሐርቡ በእግሯ የወረደች።
«ቲቸር፣ ማን ነው ያላወቀው? መጽሐፉ ነው?
እኔኮ አውቃለሁ በሬን ማን እንደሰበረው።»

አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬ
ይህ ጥያቄ በመልመጃው አልነበረም እስከ ዛሬ።

ጋሽ ይመር ጉሮሮውን ጠረገ፤ «በኛ ቋንቋ» አለ
«ባለቤት ማለት ቤት ያለው ነው፤
ቤቱ የነደደበትን ሰው
እንዴት ብዬ ባለቤት ልበለው?»
ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊቱን አየሁት፣ ተውኩት።

ከዚያ ጦይባ። ሁለት ዓመቷ ነው ከሪያድ ከተመለሰች፤
እንግሊዝኛን የለቀመችው የአሠሪዋ ልጆች ካርቱን ሲያዩ፣ ልብስ እየተኮሰች።
«ተሰደዱ ይላል። ማን ነው የሰደደኝ? እኔ ሄድኩ፤ ማንም አልጎተተኝ፤
ደላላውን ያፈላለግሁት፣ የእናቴን ላም ያሸጥኳትም እኔ ነኝ።
ያዝኑልኛል፣ ደጎች ናቸው፤
ግን መሄዴን ወሰዱብኝ።»

«ጻፉት» አልኩ። «አንዳንድ ዓረፍተ ነገር፤ ባለቤት ያለው።»

በኛ አፍ «እኔ» ብዙ ጊዜ ዝምተኛ ነው፤
ከግሱ ጭራ ተለጥፎ፣ «ሄድኩ» ሲባል «ኩ» ሆኖ ያልፋል፤
በነሱ ግን ለብቻው እንደ ምሰሶ ይቆማል፣
የትም ቢገባ በትልቁ ይጻፋል።
ጦይባ ሁልጊዜ በትንሹ ነው የምትጽፈው፤
ጎንበስ ያለች ፊደል፣ እንስራ እንዳዘለች ሳይሆን
ነጥቧን አናቷ ላይ ጭና ዳገት የያዘች።
ስንት ወር በቀይ አቀናሁላት!

መብራት ጠፋ።
(ይቺም ባለቤቷን አታውቅም።)
በስልክ ብርሃን ጨርሰው ግድግዳ እየዳበሱ ወረዱ፤
የመጨረሻዎቹ ባጃጆች ወደ ሸዋ በር ነጎዱ።

ብቻዬን ወረቀት አገላበጥኩ።
የእንድሪስ፦ «ሥራዬን ማሽን አልወሰደውም። ሰው ፈረመ።»
ረውዳ ስም ጽፋለች፣ የአባቱን ጨምራ፤
አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ማረሚያ የለውም።
የጦይባ ሁለት ናቸው፦ «እኔ ሄድኩ። እኔ ተመለስኩ።»
የመጀመሪያዋ «እኔ» በትልቁ ቆማለች፣ ቀጥ ብላ፣ ያለ ሸክም፤
ሁለተኛዋ አናት ላይ ግን ያቺው ነጥብ ናት።
ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ።
ክዳኑን አልከፈትኩም።